አማች መንገድ ይለቃል

ሰው በዕውቀቱ ይሾማል፤ በዘመዱ የሚሾምም አለ። እኔ የተሾምኩት በፒካፔ ነው።

ሶዶ ገበያ አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ወላይታ ውስጥ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ ሚስማሩን ወረስኩ። ስለ እግር ኳስ የማውቀው ኳስ ክብ መሆኗን ብቻ ነበር፤ እሱንም የሰፈራችንን ቡድን ኳስ ካየሁ በኋላ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን የተከበሩ የሰፈር ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው "የቡድን መሪ አድርገን መርጠንሃል" አሉኝ።

"ለምን እኔን?" ብል፣ "ሕዝቡ አምኖብህ ነው" አሉ። ሲናገሩ ግን ዐይናቸው ደጅ የቆመችውን ፒካፕ ነበር የሚያየው። ሹመት ሲመጣ ለሰውዬው ነው ወይስ ለመኪናው ብሎ የሚመረምር ማን አለ? አመስግኜ ተቀበልኩ።

ቡድናችን በዞኑ ሊግ ይጫወታል። ወደ ውጭ ጨዋታ ስንሄድ አሰልጣኙ ከኔ ጋር ጋቢና ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ፣ ማሊያው፣ ኳሱና ደጋፊው ከኋላ ይጠቀጠቃል። አቧራው ሁሉንም አንድ ቀለም ስለሚያደርጋቸው ስንደርስ ማን ተጫዋች፣ ማን ደጋፊ እንደሆነ ለመለየት ፊት ማስታጠብ ግድ ነበር።

ጊዜው ደግሞ የግምገማ ዘመን ነው። መሥሪያ ቤቱ ይገመገማል፣ ቀበሌው ይገመገማል፤ እኛ ለምን ይቅርብን? በተሸነፍን ማግስት አዳራሽ ተሰብስበን ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። በረኛችን አንዴ ተነስቶ "በሁለተኛዋ ጎል ላይ የአመለካከት ችግር ነበረብኝ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም በተራዬ "የቡድን መሪው ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ሕግ አያውቅም" ተብዬ ተገምግሜ፣ ድክመቴን በጸጋ ተቀብዬ፣ ሕጉን ግን እስከ ዛሬ ሳላውቀው ኖሬአለሁ።

አሰልጣኛችን መምህር ማቴዎስ በሥራ ቀን የስፖርት መምህር፣ እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ነው። ከአፉ ስድብ አይወጣም። ሲናደድ የሚለው አንድ ቃል ነው፦ "ተባረክ!" ጎል ፊት ደርሶ ኳሷን ወደ ሰማይ የላከ አጥቂ ላይ "ተባረክ!" ብሎ ሲጮህ ልጁ የሚገባበት ይጠፋዋል። እኛ ዘንድ በአንድ ጨዋታ ደጋግሞ የተባረከ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተቀያሪ ይሆናል።

ተባርኮ የማያውቀው ተከላካያችን ዳልኬ ብቻ ነበር። ዳልኬ አናጺ ነው። በሥራው በር ይገጥማል፤ ሜዳ ላይ ራሱ በር ነው፤ ያውም የተቆለፈ። ከሱ ጋር ተጋጭቶ የወደቀ አጥቂ ከመሬት ተነስቶ ይቅርታ የሚጠይቀው ራሱን ዳልኬን ነው። ከሜዳ ሲወጣ ግን ዝንብ የማይነካ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ይህ ሰው አስቴር የምትባል መምህርት የክፍሏን በር እንዲጠግንላት ጠርታው ሄደና ልቡን እዚያው ጥሎ መጣ። ያ በር ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። በመጨረሻ እኔ ራሴ "አንተ፣ ማጠፊያ እየሸጥኩልህ ከምኖር ሽማግሌ ላክ" አልኩት።

አስቴር የቤሌ ከተማ ልጅ ናት። ለሽምግልና የዳልኬ አጎት አቶ ሻንካና አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተመረጡ። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። "አንደበትህ ጥሩ ነው" አሉኝ። ዛሬ ሳስበው ቤሌ ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱም ይጨናነቃል። ያኔ ግን አንደበቴን አመንኩ።

መንገድ ላይ አቶ ሻንካ መከሩኝ። "የልጅቱ አባት አቶ ባሳ ቃል የሚይዝ ሰው ነው። ከዲምቱ ሽማግሌ መጥቶ 'ልጃችን ከሰው ተጣልቶ አያውቅም' አለው። ባሳም እሺ አለ። በሳምንቱ ልጁ ገበያ ላይ ሲደባደብ ታየ። ሠርጉ ቀረ፤ አለቀ። ስለዚህ አንተ ብዙ አትናገር።"

"አልናገርም" አልኩ። ይህን ለማለት እንኳ ብዙ ተናገርኩ።

አቶ ባሳ ቤት ደረስን፤ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን፤ ተጸለየ። አቶ ባሳ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምረው እስኪጨርሱ ሻይ ይቀዘቅዛል። ግን ነገሩ በመልካም አለቀ። "ልጄን ሰጥቻችኋለሁ" አሉ። ጥሬ ሥጋ ቀረበ። ትልቁ ወንድ ልጃቸው ቶማ፣ ቀጭን፣ ዐይኑ የማያርፍ ወጣት፣ እየቆረጠ ያቀርብልናል። ከጎኑ ዳጣው አለ። ዳጣ የወላይታ ሰው ሥጋ የሚያጠቅስበት በርበሬ ነው፤ ያልለመደ ሰው በሥጋው ጫፍ ብቻ ይነካዋል። እኔ ተወላጅ ነኝ ብዬ በማንኪያ አነሳሁት።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ልጅቷ ተሰጥታለች፤ ሥጋው ጥሩ ነው። ነገር ግን ዳጣው ምላሴን አቃጥሎት ምላሴ አርፎ መቀመጥ አልቻለም። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

"አቶ ባሳ!" አልኩ። "ዳልኬ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ልጅ ላይ ድምፁን አያነሳም! እጁን አያነሳም! እግሩን አያነሳም! መንገድ ላይ ቢያገኘው መንገድ ይለቅለታል!"

አቶ ሻንካ ዐይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ባሳ ቀስ ብለው አዩኝና "ቃል ነው?" አሉ።

"ቃል ነው!"

ቶማ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ አለ። በንግግሬ የተደሰተ መስሎኝ ትንሽ ጎንበስ አልኩለት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ወላይታ ውስጥ አማችነት ቀልድ አይደለም። ሰው አማቹን "ቦሎ" ይለዋል። ቦሎ ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሱለታል፣ ፊቱ ድምፅ አይሰማም፣ ከሱ ጋር መጋፋት ነውር ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ያለ እኔ ንግግርም የታወቀ ነበር። እኔ ያደረግኩት በታወቀው ነገር ላይ እግር መጨመር ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ደረሰ። ሠርጉ ተቃርቧል። ቡድናችን ግን ወደ ታች እያየ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ፣ ገና ካልገጠምነው ቡድን ጋር፣ ቢያንስ አቻ ካልወጣን ከሊጉ እንወርዳለን፤ ከወረድን ደግሞ ቡድኑ እንዲፈርስ በግምገማ ተወስኗል። በዚያ ሳምንት ዳልኬ ሱቄ መጣና ሚስማር መረጣ ጀመረ። ብዙ ሚስማር መረጠ፤ አንዱንም አልገዛም።

"ጋሼ፣ እሁድ ጨዋታው ከቤሌ ጋር ነው" አለ።

"አውቃለሁ፤ ነዳጅ ቀድቻለሁ።"

"የቤሌ አጥቂ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ማን ነው?"

"ቶማ።"

"የትኛው ቶማ?"

"ሥጋ የቆረጠላችሁ።"

የቆርቆሮ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። "የቡድን መሪያቸውስ?" አልኩ፤ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"አቶ ባሳ።"

"ታዲያ ይህን ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?"

"ስለ ኳስ ትናገራላችሁ ብዬ አላሰብኩም። የሄዳችሁት ስለ ሠርግ ነው።" ዳልኬ መዳፉን አየ። "እግሬን አላነሳም ብለሃል፣ ጋሼ። መንገድም እለቃለሁ ብለሃል። አጎቴ ቃል በቃል ነግሮኛል። ከአፍህ ቢወጣም የወጣው በኔ ስም ነው። የዲምቱ ልጅ የደረሰበት ቢደርስብኝ፣ አስቴርን ባጣ..." አልጨረሰውም። ያን የሚያህል ሰው ድምፁ ሲሰበር ሱቁ ጠበበኝ።

ይዤው ወደ መምህር ማቴዎስ ሄድኩ። መምህሩ ነገሩን ሰምቶ ዐይኑን ጨፍኖ አሰበ። "ፊት ላይ አጥቂ ይሁን" አለ። ዳልኬ ግን "በረኛቸው የአስቴር የአክስት ልጅ ነው፤ እሱም ቦሎ ነው" አለ። "እንግዲያው ይቀመጥና ሌላ ይግባ" አልኩ። ሌላው ተከላካያችን ታይፎይድ ይዞት ተኝቷል። ከዚያ ቀጥሎ ቁመት ያለው የቡድኑ ሰው እኔ ነኝ። መምህር ማቴዎስ ከራሴ እስከ እግሬ ካየኝ በኋላ "ዳልኬ ይጫወታል" አለ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ተነስተን ቤሌ ገባን። አቶ ሻንካና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ጨዋታ እናያለን ብለው ኮታቸውን ለብሰው አብረውን ነበሩ። ሜዳው በኖራ አዲስ ተሰምሯል። አቶ ባሳ ከማዶ አግዳሚ ላይ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ይዘው ተቀምጠዋል። ዳልኬ ማሊያውን እንደለበሰ ሄዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። የቤሌ እናቶች ይህን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ ወደዱት።

ፊሽካ ተነፋ። ቶማ ኳስ ይዞ መጣ። ዳልኬ ከፊቱ ቆመ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደና "ሳሮ፣ ቦሎ" አለው። በወላይትኛ ሰላም ማለቱ ነው። ቶማ ደንግጦ ኳሷን ወደ ውጭ መታት።

ሁለተኛ መጣ። ዳልኬ እንደገና መንገድ ለቀቀ፤ አሁን እጁንም ደረቱ ላይ አድርጎ። እናቶቹ እልል አሉ። አዎ፣ ለዳልኬ! "እንዴት ያለ ጨዋ አማች ነው!" እያሉ። በሕይወቴ በተጋጣሚ ደጋፊ የተጨበጨበለት ተከላካይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቶማ ሞኝ አይደለም፤ ቃሉ ሲገባ ቢላዋ ይዞ ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ሰፊ መሆኑን ትቶ ሁልጊዜ በዳልኬ በኩል ብቻ ይመጣ ጀመር። ገና ከሩቅ "ቦሎ!" ብሎ ይጣራል፤ ዳልኬ ይለቃል። እንዲህ እያለ አንድ ጎል አገባ። ሌሎቹን በረኛችን የአመለካከት ችግሩን አስተካክሎ ስለመጣ መለሳቸው እንጂ እንቆጥር ነበር። ጓደኞቹ "ዳልኬ፣ ያዘው እንጂ!" እያሉ ይጮሃሉ። ዳልኬ ላብ በላብ ሆኗል፤ ሳይሮጥ።

እረፍት ሲሆን መምህር ማቴዎስ ወደ ተጫዋቾቹ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣና "ጋሼ፣ ተባረክ!" አለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተሰድቤ አላውቅም።

ዳልኬ ሳሩ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ልውጣ፣ ጋሼ። ጎዶሎ ሆናችሁ ተጫወቱ። እኔ ካለሁ ቡድኑ ይፈርሳል፣ እግሬን ካነሳሁ ቤቴ ይፈርሳል።" ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ነገሩ የሚያስቅ መሆኑ እዚያ ላይ አበቃልኝ። አፈርኩ። ሰውዬው አንድም ቃል ሳይናገር፣ እኔ በዳጣ ተቃጥዬ በተናገርኩት ወይ ጓደኞቹን ወይ አስቴርን ሊያጣ ነው። አቶ ሻንካን ፈልጌ "ሄደን እንለምን" አልኳቸው።

"አሁን? ሽምግልና በእረፍት ሰዓት?"

"ሌላ ሰዓት የለንም።"

ሦስታችን ኮታችንን ቆልፈን ሜዳውን አቋርጠን ሄድን። አቶ ባሳ ፊት ቆምን። ዳኛው ከሃላሌ የመጣ መምህር ነው፤ ጨዋታውን ሊያስጀምር ፊሽካውን አፉ ውስጥ ካደረገ በኋላ እኛን አየና መልሶ አወጣው። አንዱ ተጫዋች "ምነው፣ አይነፋም?" ሲለው "ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ይነፋል?" አለ።

"ተቀመጡ" አሉ አቶ ባሳ።

"ጉዳይ አለን፤ አንቀመጥም" አሉ አቶ ሻንካ።

"ልጅ ሰጥቻችኋለሁ። አሁን ደግሞ ነጥብ ነው የፈለጋችሁት?"

ልመልስ አፌን ስከፍት አቶ ሻንካ እግሬን ረገጡኝ። ጫማቸው ከባድ ነው። ራሳቸው ተናገሩ፦ "የሰጠነው ቃል ልጁን ከበደው። ሊጥለው አልፈለገም። ተሸክሞ መቆምም አቃተው።"

አቶ ባሳ ጃንጥላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ሻይ ቢኖር ይቀዘቅዝ ነበር። "ቃሉን ብፈታው፣ ባሳ ለኳስ ብሎ ቃል ፈታ ይሉኛል" አሉ በመጨረሻ። "ባልፈታው ደግሞ፣ ባሳ በልጁ ሠርግ ጎል አገባ ይሉኛል።" ከዚያ ቶማንና ዳልኬን አስጠሩ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ልጃቸውን አዩት። "አንተ፣ ክፍት በር ገብተህ ነው አሸነፍኩ የምትለው?" ቶማ መሬት መሬት አየ።

"ቃል አይፈታም" አሉ አቶ ባሳ። ዳልኬ ትከሻው ወደቀ። "አማች መንገድ ይለቃል፤ ይህ የታወቀ ነው። ወንድማማች ግን እየተራገጠ ነው የሚያድገው፤ አባትም አይፈርድባቸውም።" በጃንጥላቸው ጫፍ ኖራውን አሳዩ። "ከዚህ መስመር ውስጥ እስካላችሁ ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። ከመስመሩ ስትወጡ አማቾች ናችሁ። ሂዱ።"

ተቀመጥን። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

እንደዚያ ያለ ሁለተኛ አጋማሽ አይቼ አላውቅም። ቶማ "ቦሎ!" ብሎ መጣ፤ ዳልኬ "የለም!" ብሎ ኳሷን ቀማው፤ ቶማ ተንከባሎ ከመስመር ውጭ ወደቀ። ዳልኬ መስመሩን ተሻግሮ ደገፍ አድርጎ አነሳው፣ አቧራውን አራገፈለት፣ "ይቅርታ፣ ቦሎ" አለው፤ ተመልሶ ወደ ሜዳ ገባ፤ እንደገና ጣለው። ኳስ ስትወጣ ዳልኬ ሮጦ አንስቶ በሁለት እጁ ለቶማ ያቀብላል። ወደ ውስጥ ስትገባ አይተዋወቁም። እናቶቹ ለየትኛው እልል እንደሚሉ ግራ ገባቸውና ለሁሉም እልል አሉ።

ወደ ማብቂያው ላይ የማዕዘን ምት አገኘን። ዳልኬ ከኋላ መጥቶ ከበረኛቸው፣ ከአስቴር የአክስት ልጅ፣ በላይ ዘሎ በግንባሩ አገባት። ወዲያው መስመሩን አየ፤ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ጮኸ። አቻ ወጣን። ቡድኑም አልፈረሰም።

ልጆቹን ፒካፑ ላይ እየጫንኩ ሳለ አቶ ባሳ ቀስ እያሉ ወደኔ መጡ። ዳልኬም ከሩቅ ቆሞ ያያል።

"ቤቴ ስትመጣ" አሉ፣ "ልጁ ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም፣ እግዚአብሔርን ይፈራል አልከኝ። ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ የዲምቱዎቹም ብለውኛል። ካልከው አንዱንም አላመንኩም ነበር።" ወደ ዳልኬ ዞረው አዩ። "ዛሬ ሌላ ሰው የተናገረለትን ቃል ተሸክሞ፣ ጓደኞቹ እየጮሁበት ሲጨነቅ አየሁት። ያኔ እሺ ብያለሁ፤ ልጄን የሰጠሁት ግን ዛሬ ነው።"

እኔም ልቤ ተነክቶ የሚገባ መልስ ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አቶ ባሳ ጃንጥላቸውን አነሱ።

"አንተ ደግሞ ሌላ ጊዜ ለሽምግልና ሲጠሩህ መኪናህን ብቻ ንዳ።"

ሠርጉ ቤሌ ላይ ሆነ። ሙሽሮቹን ያመጣችው የኔው ፒካፕ ናት፤ አበባ ተደርጎባት፣ አቧራው አበባውን እንደ ተጫዋቾቻችን አንድ ቀለም አድርጎት። መምህር ማቴዎስ መዘምራኑን መራ። ሥጋው ቀረበ፤ ቶማ ራሱ ቆረጠልኝ፤ ዳጣውን ወደኔ ገፋ አድርጎ እየሳቀ። ምሳ አልቆ መድረክ መሪው ተነሳና "አሁን ሁለቱን ቤተሰቦች ያገናኙት ሽማግሌ ንግግር ያደርጉልናል" ብሎ በጣቱ እኔን አሳየ።

ዳልኬ ከአስቴር ጎን እንደተቀመጠ ፊቱ ተለወጠ። የአቶ ሻንካ ጫማ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። እኔ ግን ተነሳሁ። ኮቴን ቆለፍኩ፤ ሰዉን በሙሉ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ እጄን ኪሴ ከተትኩና የመኪናዬን ቁልፍ አውጥቼ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ከሁሉም ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ ባሳ ናቸው።